የበርሜሉ አረፋና የስድስተኛው ፎቅ ኮሚቴ

ለክቡር የሕንፃችን ነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ለቀድሞው ርዕሰ መምህር፣ ለአዳራሹ ቁልፍ ብቸኛ ጠባቂ፣ እንዲሁም ነገሩ በአረፋ ካልተበላሸ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ለአማቻችን
ስድስተኛ ፎቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ከምድር ቤት እስከ ስድስተኛ ፎቅ የሚደርስ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ሊፍቱ እንደቆመ ስለሆነና ሰላምታውም እንደ እኔው በደረጃ ስለሚወጣ፣ ትንሽ አለክልኮ ቢደርስዎት እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ጉንፋኑስ ለቀቀዎት? የደም ግፊትዎንስ ያስለካሉ? የእኔን በርሜል ግፊት ከሳሎንዎ ወንበር ሆነው ይህን ያህል በቅርብ የሚከታተሉ ሰው የራስዎን ይዘነጋሉ ብዬ አልሰጋም።

እኔ በሕንፃው መግቢያ በኩል ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት፣ የሙሽሪት ታላቅ ወንድም፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ በደረጃው የሚወጣ የሚወርደው ሁሉ «አረፋው» እያለ የሚጠራኝ ሰው ነኝ። ይህን በአደባባይ የምጽፈው ለክቡርነትዎ ያለኝ አክብሮት ጎድሎ አይደለም። እህቴ እስከ ሰርጓ ቀን ድረስ በእርስዎ ፊት አፌን እንድዘጋ አስምላኛለች፤ እኔም ዘግቻለሁ። ስለ እጄ ግን ምንም ስላልተባለ፣ ይኸው መቀሱን አስቀምጬ ብዕር አነሳሁ።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ቆመው ለሚያነቡ ጎረቤቶች አጀማመሩን ባጭሩ ልናገር። ወላጆቻችን ተከታትለው ሲለዩን እህቴ ገና ተማሪ ነበረች፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። ከሥራ በኋላ ከፀጉር ቤቱ ሥር ባለችው የምድር ቤት ዕቃ ክፍል ቢራ መጥመቅ የጀመርኩት ያኔ ነው። እኔ ብቅሉን ቀቅዬ ሳማስል እሷ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጣ ታጠናለች፤ በየመሐሉ እየተነሳች ቴርሞሜትሩን ታነብልኛለች። አንድ ቀን በሆነ ነገር አኩርፋ ሳለች ላባብላት ብዬ፣ በሰርግሽ ቀን እንግዶችሽን የማጠጣው የገዛሁትን ሳይሆን በእጄ የጠመቅሁትን ነው አልኳት። ሳቀችብኝ። ዘንድሮ ከእርስዎ ልጅ ጋር ሊጋቡ ሲወስኑ ምን ስጦታ እንደምትፈልግ ጠየቅኋት፤ «ያልከውን» አለችኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሌላ ሐሳብ የለኝም።

ቢራው ተጠመቀ፣ ፈላ፣ ጠራ፣ በርሜል ውስጥ ገባ፣ ጋዙንም ጠጣ። የቀረው መቅዳት ብቻ ነበር። በዚህ ጊዜ ነው የክቡርነትዎ ኮሚቴ፣ የአዳራሹ ወለል አዲስ ስለሆነ፣ ማንኛውም በርሜል ወደ አዳራሹ ከመግባቱ በፊት በኮሚቴው ፊት ቀርቦ «ያለ አረፋ» መቅዳቱ እንዲረጋገጥ የወሰነው። ሁለት ጣት አረፋ የሌለው ቢራ ቢራ እንዳልሆነ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር፤ ጸሐፊው ግን ኮሚቴ በጣት እንደማይለካ በትሕትና ገለጹልኝ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ እርስዎ ተማሪውንም አስተማሪውንም በቁጥር ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ስለሆኑ፣ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ደረጃው። ኮሚቴው ድሮ የሚሰበሰበው ከፀጉር ቤቴ ጎን ባለችው ክፍል ነበር። ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ግን ስብሰባው ሁሉ ወደ ክቡርነትዎ ሳሎን ተዛውሯል፤ እኔም ፀጉርዎን ላስተካክል መቀሴን ይዤ የምወጣው ወደዚያው ነው። ሰው ወደ ሥልጣን ይወጣል እንጂ ሥልጣን ወደ ሰው አይወርድም ብዬ ተቀብዬዋለሁ። በርሜሉ ግን ይህን አያውቅም። ሙሉ በርሜል የአንድ ጎረምሳ ያህል ይከብዳል፤ እኔና ነርስ የሆነው ልጅዎ፣ ማለትም ሙሽራው፣ ጆሮና ጆሮውን ይዘን፣ በየእርከኑ እያስቀመጥን፣ ከግድግዳው እያጋጨን፣ እርስ በርስ እየተሳደብን፣ ይቅርታ፣ እየተደጋገፍን አወጣነው። ስድስተኛ ፎቅ ስንደርስ ክቡርነትዎ ከሳሎን ሆነው፣ በርሜል የተሠራው ለመንከባለል ስለሆነ ግድግዳውን ከምትፍቁ በኮሪደሩ አንከባሉት ሲሉ አዘዙን። አንከባለልነው። ስለ ጂኦሜትሪው አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ መነቅነቁ። የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ፋርማሲስት ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን ሽሮፕ ሲያድሉ ስለኖሩ ጠርሙስ ባዩ ቁጥር እጃቸው ሳያዝዙት ይነቀንቃል። በርሜሉንም እንዳዩት፣ ዝቃጩ ከታች እንዳይቀርና ለሁሉም እኩል እንዲዳረስ፣ ከመቀዳቱ በፊት በደንብ ይነቅነቅ አሉ። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ፤ እኔ ግን እሳቸው ማንንም እንዳልናቁ አውቃለሁ፤ እንዲያውም ባለፈው ለሳሌ የሰጡኝ መድኃኒት ፈውሶኛል። ስለዚህ እኔ ባንደኛው ጆሮ ልጅዎ በሌላው ይዘን፣ ላባችን እስኪንጠባጠብ ነቀነቅነው። መቅጃውን ስከፍተው ብርጭቆው ከታች እስከ አፉ አረፋ ሆነ። ሁለተኛውም እንደዚያው። ባለቤትዎ ሮጠው ያመጡት ጎድጓዳ ሳህን እንኳ የሞላው በአረፋ ነበር። ክቡርነትዎ መነጽርዎን ዝቅ አድርገው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ ይህ ቢራ ሥነ ሥርዓት ይጎድለዋል ብለው ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሩን።

ሦስተኛ፤ ስለ ምክሩ። ምክር ያልሰጠኝ የኮሚቴ አባል የለም፤ ሁሉንም እንደ አመጣጡ ታዝዣለሁ። ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት፣ ሥራቸው መጋረጃ መሸጥ ሆኖ ሳለ ሁላችንም «ኢንጂነር» የምንላቸው ጎረቤታችን በሁለተኛው ምርመራ ጥፋቱ የግፊቱ ነው ብለው ጋዙን ዝቅ አስደረጉኝ፤ ቢራው ያለውን ጋዝ ሁሉ አረፋ አድርጎ ከተፋ በኋላ የቀረው የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ይመስል ነበር። እዚያው ላይ መልሰው ከፍ አስደረጉኝ፤ በሳሎንዎ ጣሪያ ላይ ያለው ነጠብጣብ የዚያን ዕለት ማስታወሻ ነው። ጸሐፊው በበኩላቸው እንዳይረጭ በማሰብ መቅጃውን በግማሽ ብቻ እንድከፍት አዘዙኝ፤ በግማሽ የተከፈተ መቅጃ ቢራውን አጣብቦ ይበልጥ እንደሚያስቆጣው የተረዳሁት ኋላ ነው። ለሦስተኛው ምርመራ ቱቦው አጥሯል ስለተባልኩ ረጅም ቱቦ ገጠምኩ። ምክሩ በራሱ መጥፎ አልነበረም፤ ነገር ግን ኮሚቴው ስለ ደረጃ መብራት ሲወያይ በርሜሉና ቱቦው ፀሐይ በሚመታው መስኮትዎ ሥር ቁጭ ብለው ሲሞቁ ቆዩ። ተንከባሎ፣ ተነቅንቆ፣ በዚያ ላይ ሞቆ የተቀዳ ቢራ ምን እንደሚመስል ምንጣፍዎ ይመስክር።

በዚህ ሁሉ መሐል እኔ ላይ ታች ስል ከረምኩ። መቅጃውን ፈታትቼ በጥርስ ብሩሽ አጠብኩ፤ የጎማ ቀለበቱን ቀየርኩ፤ ብርጭቆዎቹን አቀዘቀዝኩ፣ ተውኩ፣ ደግሞ አቀዘቀዝኩ። መቀመጥ አቃተኝ። ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ አንድ ጊዜ ይቅርታ ብዬ ወደ ምድር ቤት እወርድና የግፊት መለኪያውን አይቼ እመለሳለሁ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ግማሽ ፀጉሩን ሳልጨርስ እንደገና እወርዳለሁ። አንድ ሰው የግራና የቀኝ ጢሙ እኩል አለመሆኑን በመስታወት አይቶ ቢነግረኝ የዘመኑ ፋሽን ነው አልኩት፤ ሁለተኛ በደጄ አላለፈም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ግን ከማፍሰስ አልፌ መልቀም ላይ እንኳ አልደረስኩም። እውነቱን ለመናገር ፈርቻለሁ። ቅዳሜ እህቴ ብርጭቆዋን ይዛ ስትቀርብ፣ እኔ አረፋ ስሰጣት፣ እሷም እንዳይከፋኝ ብላ የጠጣች ስትመስል ይታየኛል። ከእንግዶቹ ሳቅ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው።

አራተኛ፤ ስለ ጉንፋንዎ። እግዚአብሔር ይማርዎትና፣ ከእስከ ዛሬው አመራርዎ ሁሉ ለዚህ ሕንፃ የጠቀመው ጉንፋንዎ ነው። ክቡርነትዎ በታመሙበት ሳምንት ምርመራው ስለተላለፈ፣ በርሜሉ ማንም ሳይነካው ምድር ቤት ፍሪጅ ውስጥ ሰነበተ። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እህቴ ቀሚሷን ስትለካ ውላ፣ ደክሟት፣ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ፈቃድ አልጠየቀችም። ከመደርደሪያው ብርጭቆ አንስታ፣ መቅጃውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። እኔ አትክፈቺው ልል አፌን ስከፍት ቢራው ጥርት ብሎ፣ ከላይ ሁለት ጣት አረፋ ይዞ ተቀድቶ አለቀ። ግማሹን ጠጣች፤ ከንፈሯን በእጇ ጀርባ ጠርጋ የቀረውን ሰጠችኝ፤ «ምን አደረግክበት?» አለችኝ። ምንም አላደረግሁበትም ነበር። ነገሩ የገባኝም ያኔ ነው፤ ምንም ስላላደረግሁበት ነው።

ጋዝ በቀዝቃዛ ቢራ ውስጥ የሚተኛው ካልቀሰቀሱት ብቻ ነው። ስድስት ፎቅ በደረጃ ካወጡት፣ በኮሪደር ካንከባለሉት፣ እንደ ሽሮፕ ከነቀነቁትና ፀሐይ ላይ ካሰጡት፣ መውጫ እንዳገኘ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። የወደቀ የለስላሳ ጠርሙስ አንስቶ ወዲያው የከፈተ ሕፃን ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ችግሩ ኮሚቴው ውስጥ ሕፃን የለም። ስለዚህ አረፋው ከበርሜሌ የመጣ ሳይሆን በምርመራው የተሠራ መሆኑን፣ ምርመራው በተደጋገመ ቁጥርም ጥፋተኛው በርሜል ሆኖ እንደሚገኝ በአክብሮት አመለክታለሁ።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ሁለት ነገር ብቻ ለመንኩ። የመጀመሪያው፣ ክቡርነትዎ ለአንድ ብርጭቆ ያህል ወደ ምድር ቤት ወርደው ቢራውን በተኛበት እንዲቀምሱት ነው። ሁለተኛው፣ የአዳራሹ ቁልፍ በሰርጉ ዕለት ጠዋት ሳይሆን ሐሙስ እንዲሰጠኝ ነው፤ አዳራሹ ከምድር ቤት በላይ አንድ ደረጃ ብቻ ስለሆነ፣ በርሜሉን ከነፍሪጁ ሐሙስ ካስገባሁት እስከ ቅዳሜ ያርፋል። መልሱን ጸሐፊው ይዘውልኝ መጡ፤ ኮሚቴ ወደ ናሙና አይሄድም፣ ናሙና ወደ ኮሚቴ ይመጣል፤ ቁልፉ በዕለቱ ጠዋት ይሰጣል፤ የመጨረሻው ምርመራም ዓርብ በስድስተኛ ፎቅ ይካሄዳል ተባልኩ። ዓርብ የተነቀነቀ በርሜል ቅዳሜ ምን እንደሚቀዳ አሁን መላው ሕንፃ ያውቃል። የምድር ቤታችን ሽታ ለክቡርነትዎ አፍንጫ የማይመጥን ሆኖ ከሆነ በሩን ከፍቼ አናፍሳለሁ፤ ወለሉንም እወለውላለሁ። ለመውረድ ግን ክብር የሚቀንስ ደረጃ እስካሁን አላየሁም፤ ያው ሲወጡበት የነበረው ደረጃ ነው።

አምስተኛ፤ ሊፍቱ።

ከቅሬታዬ ጎን ምስጋናዬን ባላቀርብ ውለታ ቢስ እባላለሁ። በክቡርነትዎ ትእዛዝ ምክንያት ጡንቻዬ ዳብሯል፤ የትኛው እርከን እንደተሸረፈ፣ የትኛው ጎረቤት ጫማውን ውጭ እንደሚያሳድር በጨለማ ልናገር እችላለሁ። ከሁሉ በላይ ሙሽራውን እንዳውቀው አድርገውኛል። እህቴን የሚያገባ ሰው በርሜል ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ሲደርስ ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን ለማየት ዕድል ያገኘ ወንድም ከእኔ በቀር ያለ አይመስለኝም። አልጣለውም። ሁልጊዜም ከታች በኩል፣ ክብደቱ ባለበት በኩል የሚይዘው እሱ ነበር። ስለ ልጅዎ አስተዳደግ የማመሰግንዎት ያለ ምንም ሽሙጥ ነው።

በመጨረሻም፣ ክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ቀጥ ያለ ግፊትና ያልተንከባለለ ቀን እንዲገጥምዎት እየተመኘሁ፣ የዓርቡ ምርመራ እንዲሰረዝና ቁልፉ ሐሙስ እንዲሰጠኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ወገቤም በእርስዎ በርሜል ምክንያት ከዚያ በላይ ዝቅ ስለማይል ይቅርታ እየጠየቅሁ እለምናለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ተሸካሚና ፀጉር አስተካካይ፣
የሙሽሪት ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፤

ይህ ክፍል በሰሌዳው ላይ በተለጠፈው ቅጂ ላይ የለም፤ በበርዎ ሥር በማስገባው በዚህ ቅጂ ላይ ብቻ ነው ያለው።

ከላይ ያለውን ትናንት ጠዋት ከለጠፍኩ በኋላ፣ ሳሎንዎ የቀሩትን ብርጭቆዎቼን ልወስድ ወጥቼ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ስደርስ ከበላዬ ድምፅ ሰምቼ ቀና አልኩ። አዲስ ሱፍ የለበሱ አንድ ትልቅ ሰው የደረጃውን ብረት በሁለት እጃቸው ይዘው አንድ እርከን ወረዱ፤ ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጥቂት ቆይተው ተነሱና ሁለተኛውን ሞከሩ፤ መልሰው ተቀመጡ። ግንባራቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ እኔ በጫማዬ ጫፍ ወደ ታች ተመለስኩ። ማን እንደሆኑ አላጣራሁም፤ ዓይኔ ደካማ ነው፤ ደንበኞቼም ይመሰክራሉ። ብርጭቆዎቹ አሁንም እርስዎ ዘንድ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ሌላው ሁሉ ገባኝ፤ ስብሰባው ለምን ወደ ላይ እንደወጣ፣ እኔ ለምን መቀሴን ይዤ እንደምመጣ፣ ቁልፉ ለምን ከኪስዎ እንደማይወጣ። በርሜሌ ለካ ስድስት ፎቅ ሲወጣና ሲወርድ የከረመው የእርስዎን የጉልበት ምስጢር ተሸክሞ ነው። የተለጠፈውን ልገነጥለው አስቤ ነበር፤ ግን ቢገነጠል ሰው ምክንያቱን ይጠይቃል። እኔ ባለጌ፣ እርስዎም ግትር ሆነን ብንታይ ይሻላል። ግትር መባልን የመረጡት እርስዎ ነዎት፤ ምርጫዎን አከብራለሁ።

ሰርግ ያለ ቢራ ይደገሳል። ያለ ሙሽራው አባት ግን አይሆንም፤ እህቴ ቅዳሜ አባት ብላ የምትጠራው ሌላ ሰው የላትም። ልጅዎ ነርስ ነው፤ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ በደረጃ ማውረድ የዘወትር ሥራው ነው፤ ሳይነግሩት የቀሩት እንዳይጨነቅ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ይንገሩት። እኔም በዚህ ደረጃ ላይ በክቡርነትዎ ቸርነት በቂ ልምምድ አድርጌያለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ሥራ ላይ ሳለ፣ ባለ መደገፊያዋን የፀጉር ቤቴን ወንበር ይዘን እንመጣለን፤ ቁልፉን በኪስዎ፣ ብርጭቆዎቼንም በጭንዎ ይያዙልኝ። መጀመሪያ ምድር ቤት ወርደን አንድ ብርጭቆ እንቀምሳለን፤ ከዚያ እስከ ቅዳሜ ከፀጉር ቤቱ ጀርባ ያለው ቤቴ ቤትዎ ነው።

በኮሪደሩ እንደማናንከባልልዎት ቃል እገባለሁ፤ ፋርማሲስቱንም ከመንገድ ዞር አደርጋቸዋለሁ። በየእርከኑ እየተናወጡ ሲወርዱ በቁጣ ቢገነፍሉም ግን አንደነግጥም፤ መድኃኒቱን በርሜሉ አስተምሮናል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አስቀምጠንዎት፣ እስከ ቅዳሜ ማንም እንዳይነካዎት እናደርጋለን።